የእንቁላልን መንገድ የተከተለው ሐኪም፦ ሬኒየር ደ ግራፍ

ሬኒየር ደ ግራፍ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1641 በኔዘርላንድስ ተወለደ። በላይደን ሕክምና ተምሮ፣ በፈረንሳይ ዶክትሬቱን ተቀብሎ በዴልፍት ከተማ ሐኪም ሆነ። ፕሮቴስታንቶች በሚበዙበት አገር ካቶሊክ በመሆኑ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት በር ተዘግቶበት ነበር።

በዘመኑ ሐኪሞች እንቁላል የሚያመነጨውን የሴት አካል፣ ኦቫሪን፣ የሴት ቆለጥ እያሉ ይጠሩት ነበር። ሴት እንደ ዶሮ እንቁላል አላት ማለት ለብዙዎች እንግዳ ሐሳብ ነበር።

ደ ግራፍ ሴት ጥንቸሎችን ከወንድ ጋር ካገናኘ በኋላ በተለያየ ሰዓትና ቀን እየከፈተ መረመረ። በኦቫሪያቸው ላይ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች ፈንድተው አየ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጥቃቅን ድቡልቡል ነገሮችን ከኦቫሪው ውጪ፣ ወደ ማህፀን በሚወስደው መንገድ ላይ አገኘ። ከረጢቱን ራሱን እንቁላል አድርጎ ስለቆጠረው ግን አንድ ነገር አልገጥም አለው፤ ያገኛቸው ነገሮች ከከረጢቶቹ እጅግ ያንሱ ነበር። ልዩነቱን ሳይሸሽግ ጻፈው። ለተመራማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግኝቱን በ1672 በመጽሐፍ ሲያሳትም የቀድሞ የትምህርት ጓደኛው ያን ስቫመርዳም ቀዳሚነቱ የእኔ ነው ብሎ ተነሣበት። ክርክሩ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ቀረበ፤ ማኅበሩ ግን ቀዳሚነቱን ለሁለቱም ነፍጎ ለዴንማርካዊው ኒልስ ስቴንሰን ሰጠ። ደ ግራፍ በዚያው የጠብ ወቅት፣ በነሐሴ 1673፣ በ32 ዓመቱ አረፈ። ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት የከተማውን ሰው፣ በማይክሮስኮፕ የታወቀውን ሌቨንሁክን፣ ለዚያው ማኅበር አስተዋውቆ ነበር።

እውነተኛዋ እንቁላል በከረጢቱ ውስጥ የተሸሸገችና ስፋቷ የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ገደማ የሆነች ቅንጣት ናት። በ1827 ካርል ኤርንስት ፎን ቤር በውሻ ኦቫሪ ውስጥ አያት። ከረጢቱ ግን እስከ ዛሬ በደ ግራፍ ስም ይጠራል።

ሴት ልጅ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ ያልበሰሉ እንቁላሎችን ይዛ ትወለዳለች፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የሚቀሯት ከ300 እስከ 400 ሺህ ገደማ ናቸው። በዕድሜዋ በስለው የሚወጡት 400 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ የተቀሩት በኦቫሪው ውስጥ እንዳሉ ይከስማሉ። የመውለድ ዕድል ከዕድሜ ጋር የሚቀንስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ልጅ ፈልጋ ወደ ሕክምና የሄደች ሴት በአልትራሳውንድ ስትመረመር ሐኪሙ የሚቆጥረውና የሚለካው እንቁላሎቹን ሳይሆን ደ ግራፍ ያያቸውን ከረጢቶች ነው።