ጂቫንጂ፦ ናይሮቢን ከሠሩት መጤዎች አንዱ

ናይሮቢ ደርሶ የተመለሰ ሰው ጂቫንጂ ጋርደንን ሳያውቀው አይቀርም። ከሞይ አቬኑ ገባ ብሎ፣ ከሲቲ ማርኬት ብዙ ሳይርቅ ያለ፣ ዛፍ የበዛበት መናፈሻ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሰባኪው ይጮሃል፣ ሥራ ፈላጊው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ይላል፣ ከኢስሊ ለጉዳይ የወጣ ወገናችንም ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ስሙን ግን የሱቅ ወይም የመንገድ ስም የሚመስለው ብዙ ነው። የሰው ስም ነው። እሱም እንደ እኛ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበር። ታሪኩን ላጫውታችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂ በ1856 ካራቺ ተወለደ። ካራቺ ዛሬ የፓኪስታን ከተማ ናት፤ ያኔ ግን እንግሊዝ የምትገዛት ህንድ ውስጥ ነበረች። ቤተሰቡ ቦህራ ከሚባሉት ሙስሊሞች ወገን ነው፤ በንግድ የታወቁ ናቸው። እሱ ራሱ ብዙ ትምህርት አላገኘም። ገና በወጣትነቱ ከቤቱ ወጥቶ በህንድ ከተሞች እየዞረ ነገደ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ አውስትራሊያ ድረስ ሄደ። በ1890 አካባቢ ደግሞ ፊቱን ወደ ሞምባሳ አዞረ።

ዘመኑ እንዲህ ያለ ዘመን ነበር። ዓለም ሁሉ ተነስቶ የሚጓዝ ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ የቺካጎ ሕዝብ በ1870 ወደ 300 ሺህ ነበር፤ በ1900 ግን 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ገደማ ደረሰ። ከዚያ ውስጥ ቀላል የማይባለው ከአውሮፓ የመጣ ሠራተኛ ነው። ኒው ዮርክ ወደብ ላይ መጤዎችን የሚመዘግበው የኤሊስ ደሴት ጣቢያ የተከፈተው በ1892 ነው። በእኛም አገር አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና ጥቂት ዓመት ሆኗት ነበር። ናይሮቢ ግን ያኔ ጭራሽ አልነበረችም።

በ1896 እንግሊዞች ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ። አድዋ የተዋጋነው በዚያው ዓመት ነው። ለሥራው ብዙ ጉልበት ስለፈለጉ ከህንድ፣ በተለይ ከፑንጃብ፣ ሰው ማስመጣት ያዙ። ጂቫንጂ ከዋናዎቹ ተቋራጮች አንዱ ሆነ። ሠራተኛ ያስመጣል፣ ስንቅ ያቀርባል፣ ድንጋይ ያስፈልጣል፣ አፈር ያስቆፍራል። ሐዲዱ በ1901 ሐይቁ እስኪደርስ ድረስ ወደ 32 ሺህ የሚጠጉ ህንዶች መጥተዋል። ወደ 2,500 የሚሆኑት በበሽታና በአደጋ ሞቱ፤ ጻቮ ላይ አንበሳ የበላቸውም አሉ። ብዙዎቹ ውላቸው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ወደ 6,700 የሚሆኑት ግን እዚሁ ቀሩ። የጂቫንጂ ሀብት የተጀመረው ከእነዚህ ሰዎች ላብ መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው የናይሮቢን አጀማመር በቀላሉ ይረዳል። ሁለቱንም የወለዳቸው ባቡር ነው። ድሬዳዋ በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ተቆረቆረች፤ ናይሮቢ ደግሞ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድማ፣ በግንቦት 1899። ቦታው ማሳዮች ከብት የሚያጠጡበት ረግረግ ነበር፤ ናይሮቢ የሚለውም ስም ቀዝቃዛ ውሃ ከሚለው የማሳይ ቋንቋ የመጣ ነው። መጀመሪያ ድንኳንና የቆርቆሮ ቤት ብቻ ነበር። ፍሳሹ መውጫ የለውም፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ነው የሚኖረው። በ1902 ወረርሽኝ ሲገባ ሹማምንቱ የህንዶቹን ገበያ በእሳት አስወደሙት።

ጂቫንጂ እንግዲህ እዚህች የቆርቆሮ ከተማ ላይ ነው ገንዘቡን ያፈሰሰው። ለመንግሥት ቢሮና መኖሪያ ቤት ሠርቶ አከራየ፣ የገበያ አዳራሽ አቆመ፣ መርከቦችም ነበሩት። ሞምባሳ ላይ አፍሪካን ስታንዳርድ የተባለ ጋዜጣ አቋቋመ። በ1905 ለእንግሊዞች ሸጠው። ዛሬ በኬንያ በየቀኑ የሚወጣው ስታንዳርድ ጋዜጣ ከዚያ የመጣ ነው። በ1906 ደግሞ መናፈሻውን ሠርቶ ለከተማው ሕዝብ ሰጠ። የእንግሊዟን ንግሥት ቪክቶሪያን ሐውልትም አቆመበት። ሐውልቱ ለገዢዎቹ እጅ መንሻ ይመስላል፤ ምናልባትም ነው። ያኔ መብቱን በታማኝነት የሚያገኝ መስሎት ይሆናል።

አላገኘም። ታሪኩ ለእኛ የሚጠቅመን ከዚህ በኋላ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማዋን በገንዘቡ የሠራው ሰው ቆዳው ነጭ ስላልሆነ ብቻ ብዙ በር ተዘጋበት። ለም የሆነው ደጋው መሬት ለነጮች ተብሎ ተከለለ፤ ህንድ ሀብታም ቢሆንም እዚያ መግዛት አይችልም። ከተማ ውስጥም ነጭ፣ ህንድና አፍሪካዊ የሚኖሩበት ሰፈር ለየብቻ ነበር። በ1909 ጂቫንጂ ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ተሾመ፤ ከነጮች ውጭ የመጀመሪያው አባል እሱ ነው። ግን አንድ ሰው ብቻውን ምን ያደርጋል? እዚያ ሰሚ ሲያጣ በ1910 ለንደን ሄዶ አቤቱታውን ለእንግሊዝ ጋዜጦች ተናገረ። በ1912 ጽሑፍ አሳተመ። በ1914 የምሥራቅ አፍሪካ ህንዶች ኮንግረስ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። ብቻውን ከመጮህ ወደ ማኅበር ተሻገረ ማለት ነው።

ውጤቱ ግማሽ ነበር። በ1923 የለንደን መንግሥት ውሳኔውን ሲያሳውቅ በሰፈር መከፋፈሉ በሕግ እንዲቀር ተባለ፤ ህንዶችም በምክር ቤቱ የተወሰነ ወንበር አገኙ። ደጋው ግን ለነጮች እንደተከለለ ቀረ።

የሰውየውን ጉድለትም ላንሳ፣ አለበለዚያ ታሪኩ ሙሉ አይሆንም። ጂቫንጂ የታገለው ለህንዶች ነው። በ1910 ለንደን ላይ ይህ አገር ከህንድ ጋር ይቀላቀል እስከ ማለት ደርሷል። ማሳዩና ኪኩዩው መሬቱን በሚነጠቅበት ጊዜ መጤዎቹ የሚከራከሩት እርስ በርሳቸው ነበር። አፍሪካዊ ሰው ያ ምክር ቤት ውስጥ የገባው በ1944 ነው፤ ኤልዩድ ማቱ ይባላል። የአገሬው ሰው እስከዚያ ድረስ ስለ ገዛ አገሩ ሲወሰን በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

በመጨረሻ ዕድሜው የጂቫንጂ ሀብት ብዙው ከእጁ ወጣ። በ1936 በ80 ዓመቱ ናይሮቢ ውስጥ ሞተ። ከሞተ ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ መናፈሻውን አፍርሶ ባለ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ለመሥራት ታቀደ። የልጅ ልጁ ዛሪና ፓቴል ተነሳች። ጊዜው በኬንያ መንግሥትን መቃወም የሚያስፈራበት ጊዜ ነው። እሷ ግን ሕዝብ አስተባበረች፣ ዕቅዱም ቀረ። መርከቦቹ የሉም፣ ገንዘቡም የለም፤ ለሁሉም ክፍት ያደረገው መሬት ግን አለ። ዛሬ ቡንጌ ላ ምዋናንቺ፣ ማለትም የዜጎች ፓርላማ፣ የሚባሉት ተራ ሰዎች ዛፉ ሥር ተሰብስበው ስለ አገራቸው የሚከራከሩት እዚያው ነው።

እኔ እዚህ ካኩማ አስተማሪ ነኝ። እኛ እንደ ጂቫንጂ ለንግድ ብለን አልመጣንም፤ ልዩነቱን አውቃለሁ። ግን ከ1992 ጀምሮ ባዶ የነበረው አሸዋ ላይ ሱቁም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ቡና ቤቱም ቆሟል። ይህንን የሠራው የእኛና የሌሎች ስደተኞች እጅ ነው። ታዲያ ከዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ነገር ልንይዝ እንችላለን። አንደኛ፣ ከተማ መሥራት ብቻውን መብት አያመጣም፤ መጻፍ፣ መደራጀት፣ ደጋግሞ መጠየቅ ይፈልጋል፣ ያም ሆኖ ግማሹ ብቻ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ስለ ራሳችን ስንጠይቅ የቱርካናን ሰው አንርሳ። መሬቱም፣ ውሃውም፣ ማገዶውም የእሱ ነው። ጂቫንጂ ያልጠየቀውን ጥያቄ እኛ ብንጠይቅ ምን አለበት?