ሐኪሙ ፓውል ላንገርሃንስ

ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ሊቅ ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ፓውል ላንገርሃንስን መረጥሁ፡፡ ምክንያቱም ስሙን ያስጠራውን ሥራ የሠራው ገና ተማሪ ሳለ ስለ ሆነ ነው፡፡ ዘመኖቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፡፡

ላንገርሃንስ በ1847 በበርሊን ከተማ ተወለደ፡፡ አባቱ ሐኪም ነበሩ፤ እርሱም ሙያቸውን ተከትሎ ሕክምና ተማረ፡፡ በ1868 የሰውን ቆዳ በወርቅ ክሎራይድ አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፣ በላይኛው ቆዳ ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያላቸው ሴሎች አገኘ፡፡ መልካቸውን አይቶ የነርቭ ወገን ናቸው ብሎ አሰበ፡፡ በማግስቱ ዓመት ደግሞ የጥንቸል ቆሽት ሲመረምር ከሌሎቹ የተለዩ የሴል ክምችቶችን ገለጠ፤ ተግባራቸውን ግን አላወቀም፡፡ ኢንሱሊን የሚወጣው ከእነዚሁ መሆኑ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው፡፡

በፍራይቡርግ ፕሮፌሰር በሆነበት በ1874 የሳንባ ነቀርሳ ያዘው፡፡ ማስተማሩን ትቶ አየሯ ወደሚስማማው ወደ ማዴራ ደሴት ሄደ፡፡ በዚያም ቢሆን ሥራ አልፈታም፤ በፉንሻል ከተማ በሽተኞችን አከመ፣ የባሕር ትሎችንም መረመረ፡፡ በ1888 በኩላሊት በሽታ ሲሞት 41 ዓመት አልሞላውም ነበር፡፡

እኔን እጅግ ያስደነቀኝ የቆዳው ሴሎች ነገር ነው፡፡ በ1973 ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን በኒውዮርክ በአይጥ ጣፊያ ውስጥ ባለ ቅርንጫፍ ሴሎች አግኝተው ዴንድሪቲክ ብለው ሰየሟቸው፡፡ የላንገርሃንስ ሴሎችም የእነዚሁ ዘመዶች ሆነው ተገኙ፡፡ ሥራቸውም እንዲህ ነው፤ ወደ ሰውነት የገባውን ተሕዋስያን ቁራጭ ይዘው ወደ ንፍፊት ዕጢዎች ይሄዱና ለቲ ሴሎች ያሳያሉ፡፡ ቲ ሴሎች ወታደር ቢሆኑ፣ እነዚህ ጠላቱን የሚያመለክቱ ዘበኞች ናቸው፡፡

ይሁን እንጂ ቁጥራቸው ጥቂት በመሆኑ ለምርመራ አስቸጋሪ ነበሩ፡፡ በ1992 ካዮ ኢናባ፣ ስታይንማንና ባልደረቦቻቸው መፍትሔ አገኙ፡፡ ከአይጥ አጥንት መቅኔ አውጥተው ጂ.ኤም. ሲ.ኤስ.ኤፍ. የተባለውን ማሳደጊያ ጨምረው ለአንድ ሳምንት ያህል ቢያቆዩት፣ ሴሎቹ በብዛት አደጉ፤ ቲ ሴሎችንም በብርቱ አነቃቁ፡፡ ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪ ለክትባትና ለነቀርሳ ምርምር የሚሠራበት በዚህ ዘዴ ነው፡፡

ጓደኞቼ ሆይ፣ ላንገርሃንስ ስለ ሴሎቹ ወገን የገመተው ትክክል አልነበረም፤ ያየውን ግን በጥንቃቄ ሥሎና ጽፎ ስላስቀመጠ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት ሊቃውንት ተጠቀሙበት፡፡ እኛም በላቦራቶሪ ያየነውን ሁሉ፣ ምክንያቱ ባይገባንም እንኳ፣ በደብተራችን በእውነት እንጻፍ፡፡