ፈርዲናንድ ፖርሽ

ፈርዲናንድ ፖርሽ (ሴፕቴምበር 3 ቀን 1875 – ጃንዩወሪ 30 ቀን 1951 እ.ኤ.አ.) በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ግዛት ተወልዶ በጀርመን አገር የታወቀ የመኪና መሐንዲስ ነበር። በኢትዮጵያ ቮልስ እየተባለች የምትጠራውን ትንሽ መኪና የነደፈውን ቡድን የመራው እርሱ ነው። በቶርሽን ባር የሚሠራውን የመኪና ሰስፔንሽንም ቢሮው እ.ኤ.አ. በ1931 የባለቤትነት መብት ጠይቆበታል። ያረጁ ቮልሶች እስከ ዛሬ የሚጠገኑት ይህ አሠራር በየዘመኑ እንዴት እንደተለወጠ በሚያውቁ ሰዎች ነው። በዚህ ገጽ ላይ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነትና የወጣትነት ዘመን

ፖርሽ የተወለደው ማፈርስዶርፍ በምትባል የቦሔሚያ ከተማ ነው። ቦታው ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ይገኛል። አባቱ አንቶን ቆርቆሮ ሠራተኛ ነበር፤ ልጁም ሙያውን እንዲወርስ ስለፈለገ በወርክሾፑ ያሠራው ነበር። ፈርዲናንድ ግን በኤሌክትሪክ ተማርኮ በቤታቸው ውስጥ መብራት እስከመዘርጋት ደረሰ። በ18 ዓመቱ ወደ ቪየና ሄዶ በኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ተቀጠረ። ማታ ማታ በቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ይከታተል ነበር፤ በመደበኛ ተማሪነት ግን አልተመዘገበም። የምሕንድስና ዲግሪ ሳይኖረው ሥራ የጀመረው ይህ ሰው በኋላ ከቪየናና ከሽቱትጋርት የክብር ዶክትሬት ተሰጥቶታል።

የመጀመሪያ ሥራዎቹ

እ.ኤ.አ. በ1898 ሎነር በሚባለው የሠረገላ ፋብሪካ ተቀጠረ። በዚያም ሞተሩ በጎማው መሐል የተገጠመለት የኤሌክትሪክ መኪና ሠራ። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ። ቀጥሎም ቤንዚንና ኤሌክትሪክ በጋራ የሚያንቀሳቅሱት መኪና ሠራ፤ ስለዚህ ዛሬ ሃይብሪድ ከሚባሉት መኪኖች ቀዳሚዎች መካከል ይቆጠራል።

በ1906 የአውስትሮ-ዳይምለር የቴክኒክ ኃላፊ ሆነ። በ1910 በጀርመን በተካሄደው የልዑል ሄንሪክ ውድድር ራሱ የነዳው መኪና አንደኛ ወጣ። ከ1923 ጀምሮ ሽቱትጋርት በሚገኘው ዳይምለር ታዋቂ የመርሴዲስ መኪኖችን ነደፈ። ከአለቆቹ ጋር ባለመስማማቱ ለቀቀና በ1931 በዚያው ከተማ የራሱን የንድፍ ቢሮ ከፈተ።

ቶርሽን ባር

በዚያን ዘመን አብዛኞቹ መኪኖች የሚያርፉት ልክ እንደ ዛሬ የጭነት መኪና በባሌስትራ ላይ ነበር። ባሌስትራ ከባድ ነው፤ ቦታም ይይዛል። የፖርሽ ቢሮ በባሌስትራ ፈንታ አግድም የተጋደመ የብረት ዘንግ ተጠቀመ። የዘንጉ አንድ ጫፍ በሻንሲው ላይ ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር ይያያዛል። ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ክንዱ ይነሣል፤ ዘንጉም እንደሚጨመቅ ጨርቅ ይጠመዘዛል፤ ወዲያው ወደ ቦታው ሲመለስ ጎማውን መልሶ ወደ መሬት ይገፋል። እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ክንድ ስላለው የአንዱ ንዝረት ሌላውን እምብዛም አይረብሽም።

የሕዝብ መኪና

በ1934 በናዚ መንግሥት ፍላጎት የጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበር ብዙ ሰው ሊገዛው የሚችል መኪና እንዲነድፍ ከፖርሽ ጋር ውል ተፈራረመ። ዋጋው 990 የጀርመን ማርክ እንዲሆን ተወሰነ። ፖርሽ በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ፤ በኋላም የኤስኤስ ማዕረግ ተሰጠው። የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ዛሬ ቮልፍስቡርግ በምትባለው ከተማ በ1938 ተጣለ። ከ300,000 የሚበልጡ ጀርመናውያን ለመኪናው ገንዘብ ቢቆጥቡም ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ አንዳቸውም አልተረከቡም።

ንድፉ የፖርሽ ብቻ አልነበረም። ዮሴፍ ጋንስ የተባለ አይሁዳዊ መሐንዲስ ስለ ትንሽና ርካሽ መኪና ቀደም ብሎ ሲጽፍና ሲሠራ ቆይቶ በናዚዎች ምክንያት ከጀርመን ወጥቷል። የቼኮዝሎቫኪያው ታትራ ኩባንያም የሐንስ ሌድቪንካ ንድፍ ተወስዶብናል ብሎ ከስሶ ነበር፤ ጉዳዩ ያለቀው ከጦርነቱ በኋላ በስምምነት ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካው የጦር መኪናና መሣሪያ ያመርት ነበር። ፖርሽ ከሴት ልጁ ባል ከአንቶን ፒየክ ጋር የፋብሪካው ኃላፊ ነበር። ሠራተኞቹ በአብዛኛው የጦር ምርኮኞች፣ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች እንዲሁም ከፖላንድና ከሶቭየት ኅብረት በግዳጅ የመጡ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። የእነዚህ ሴቶች ሕፃናት ከእናቶቻቸው ተለይተው ሩን በተባለ ሥፍራ ተይዘው ሳለ ከ300 በላይ የሚሆኑት በቸልታ ሞተዋል።

ፖርሽን በ1945 ፈረንሳዮች አስረውት በ1947 በዋስ ተለቀቀ፤ በኋላም የፈረንሳይ ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው። በ1948 ልጁ ፈሪ በፖርሽ ስም የመጀመሪያ የሆነውን መኪና ሠራ። ፈርዲናንድ በ1950 መጨረሻ ቮልፍስቡርግን ጎብኝቶ ቮልሶች በብዛት ሲመረቱ አየ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ታሞ በሽቱትጋርት አረፈ።

ቮልስ በኢትዮጵያ

ቮልስ እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በኢትዮጵያም በተለይ በአዲስ አበባ አሁንም ብዙ አሮጌ ቮልሶች ይታያሉ። በታሪክም ስሟ የሚነሣበት ቀን አለ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ደርግ ከቤተ መንግሥት የወሰዳቸው በቮልስ ነው።

ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ውኃ አይፈላባትም፤ ይህም ከፎገራ ሜዳ ወደ ደብረ ታቦር እንደሚወስደው ላለ ዳገት ይጠቅማል። ጠጠርና ጉድጓድ ግን የሰስፔንሽን ክፍሎቿን ይበላል፤ ስለዚህ መለዋወጫ ማግኘት ለባለቤቶቿ ዋና ጉዳይ ነው።

ትክክለኛውን መለዋወጫ መለየት

ቮልስ ከውጭ ሲያዩአት ለብዙ ዓመታት ያልተለወጠች ትመስላለች። ከሥር ግን በተለያየ ዘመን የተሠሩት አይመሳሰሉም፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም።

የፊት ሰስፔንሽን፦ እስከ 1965 አጋማሽ የተሠሩት በኪንግ ፒን የሚዞሩ ናቸው። ከኦገስት 1965 ጀምሮ በቦል ጆይንት ተተካ። በዚህኛው ላይ ቶርሽን ባሮቹን የያዙት ሁለት አግድም ቱቦዎች ይበልጥ የተራራቁ ናቸው። ከ1970 ጀምሮ የወጣችው 1302 ደግሞ ከፊት ቶርሽን ባር የላትም፤ የምትጠቀመው አሜሪካዊው መሐንዲስ ማክፈርሰን ያስተዋወቀውን፣ ሞላና ሾክ አብዞርበር በአንድ ላይ ያሉበትን ምሰሶ ነው።

የኋላ ሰስፔንሽን፦ አብዛኞቹ ከካምቢዮው አጠገብ ብቻ የሚታጠፍ አክስል አላቸው። ከ1968 ወዲህ ለአንዳንድ አገሮችና ሞዴሎች የተሠሩት በእያንዳንዱ ጎን ሁለት መታጠፊያ አላቸው። የቶርሽን ባሩ ርዝመትና ውፍረት በየጊዜው ተለውጧል። የግራውና የቀኙም አይለዋወጡም፤ ዘንጎቹ በፋብሪካ አስቀድመው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለተጠመዘዙ የየጎናቸው ምልክት ተቀርጾባቸዋል።

የከፍታ ማስተካከያ፦ የኋላው ዘንግ በውስጠኛው ጫፍ 40፣ በውጭኛው 44 ጥርሶች አሉት። ውስጡን አንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ ነው፤ ውጩን ማዞር ደግሞ 8 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ያህል ነው። አንዱን ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ በማዞር ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ማስተካከያ ይገኛል። የወረደች ቮልስ ሁልጊዜ አዲስ ዘንግ አያስፈልጋትም፤ አንዳንዴ የሚያስፈልጋት ይህ ማስተካከያ ነው።

የመኪናዋን ዘመን ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ የሻንሲ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር በሻንሲው መካከለኛ ጉብታ ላይ ተመትቷል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል፤ ለምሳሌ በ116 የሚጀምር የ1966 ሞዴል ነው። የሞዴል ዓመት የሚጀምረው ከቀደመው ዓመት ኦገስት ስለሆነ በ1965 መጨረሻ የተሠራች መኪና የ1966 ሞዴል ትባላለች። ነገር ግን በረጅም ዕድሜዋ የፊቱ ወይም የኋላው ክፍል ከሌላ ቮልስ ተነቅሎ የተገጠመባት ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ ቁጥሩን ካነበቡ በኋላ ከሥር ገብቶ ማየት፣ የተፈታውን አሮጌ ዕቃም ይዞ ወደ መለዋወጫ ሻጩ መሄድና ርዝመቱን፣ ውፍረቱንና ጥርሱን ማመሳከር ያስፈልጋል።