አንቷን ዳባዲና ያልታየው ተራራ

የኢትዮጵያን ተራሮች በመቀየስ ስሙ የታወቀው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 በደብሊን ከተማ ተወለደ። ያደገውና የተማረው ግን በአባቱ አገር በፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ለአሥር ዓመታት ያህልም ከባሕር ጠረፍ እስከ ከፋ ድረስ ተዘዋወረ።

ቴዎዶላይቱን በየኮረብታው አቁሞ የሩቅ ተራሮችን ማዕዘን ይለካ ነበር። የቦታን ከፍታ ደግሞ ውኃ ከሚፈላበት የሙቀት መጠን ያሰላ ነበር። በዚህ ዘዴ ከ800 በላይ ቦታዎችን በካርታ ላይ አሰፈረ። የአማርኛ መዝገበ ቃላቱም እ.ኤ.አ. በ1881 ታተመ።

የቀያሽ ዋነኛ ባላንጣ አየር ነው። ሙቀቱና ጥግግቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ብርሃንን ያጎብጣል፤ የሩቁ ተራራም ከእውነተኛ ከፍታው በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። አየሩ ሲናወጥ ደግሞ ምስሉ ይርገበገባል። በበጋ ቀትር በሜዳ ላይ ሙቀት ሲነሣ የሩቁ ዛፍ እንደሚወዛወዝ ሁሉ ኮከብም የሚብለጨለጨው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ዳባዲ ይህን ጉዳይ ከቶ አልረሳውም። እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ በአንዳይ ከተማ፣ የከዋክብት መመልከቻ ያለበት ግንብ አሠራ፤ ግድግዳውንም በኢትዮጵያ ሥዕሎችና በአማርኛ ጽሑፍ አስጌጠ። የብርሃንን መጉበጥ ለመመርመር በማሰብ በሕንፃው ግድግዳዎች ውስጥ ወደ ላ ሩን ተራራ ጫፍ ያነጣጠረ ቀዳዳ አስበሳ። ሙከራው ግን ሳይሳካ ቀረ። ዳባዲ ውድቀቱን አልሸሸገም፤ ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ የሚገልጽ ቃል በባስክ ቋንቋ በዚያው አስቀረጸ።

እ.ኤ.አ. በ1897 በፓሪስ ሲሞት ግንቡን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አወረሰ። በኑዛዜውም በሃምሳ ዓመት ውስጥ 500,000 ከዋክብት እንዲመዘገቡ አዘዘ።

ዛሬ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ከመሠራቱ አስቀድሞ የቦታው አየር ይለካል። በአነስተኛ ቴሌስኮፕ አፍ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ተበጅተው የአንዱ ኮከብ ምስል ሁለት ሆኖ እንዲታይ ይደረጋል። ሁለቱ ምስሎች አንዱ ከሌላው አንጻር በሚወዛወዙበት መጠን የአየሩ መናወጥ ይታወቃል። የመሣሪያው መንቀጥቀጥ ሁለቱንም በአንድነት ስለሚያንቀሳቅስ ልኩን አያዛባም። በእንጦጦ ኮረብታ ጣቢያ ቢቆምም የአዲስ አበባ መብራት ስለቀረበው በላሊበላ አካባቢ ያሉ ከፍተኛ ተራሮች ለዚሁ ተግባር ተጠንተዋል።

ዳባዲ የቀየሳቸው የኢትዮጵያ ደጋዎች እነሆ ዛሬ ሰማዩን ለመመልከት ይታጫሉ። የተራራ ከፍታ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ አየሩም መመስከር አለበት። መለካት ያልተሳካለትን በግልጽ መዝግቦ ያለፈው ይህ ሰው ለተተኪዎቹ ያወረሰው ከግንቡ ይልቅ ይህንኑ ሐቀኝነት ነው።