ኢብኑል ሀይሠም እና ሳያልቅ የቀረው ስሌት



እዚህ ካልቨር ሲቲ፣ ሰፑልቬዳ ላይ 6 ቁጥር አውቶቡስ በያዝኩ ቁጥር ኢብኑል ሀይሠም ትዝ ይሉኛል። 6ን እኩል የሚያካፍሉት ከራሱ ያነሱ ቁጥሮች 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ሲደመሩ መልሰው 6 ይሆናሉ። እንዲህ ያለው ፍጹም ቁጥር ይባላል። ቀጣዩ 28 ነው።

አቡ ዐሊይ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም በ354 ሂጅራ (965 እ.ኤ.አ.) ገደማ በስራ ከተማ ተወለዱ። ስማቸው የገነነው ስለ ብርሃንና ዕይታ በጻፉት ኪታቡል መናዚር ነው። እኔ ግን ያልተሳካላቸውን ሁለት ነገር ላውራችሁ።

አንደኛው የእኛው ውሃ ነው። የናይልን ሙላት መቆጣጠር ይቻላል ማለታቸውን የሰማው የካይሮው ኸሊፋ አል-ሓኪም አስጠራቸው ይባላል። ያ ሙላት ክረምት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከሚዘንበው፣ በተለይ ከአባይ የሚመጣ ነው። አስዋን ድረስ ወጥተው ወንዙን ሲያዩ ሐሳባቸው እንደማይሆን ገባቸው። ኸሊፋው በቁጣው የታወቀ ስለነበር በ1021 እስኪሞት ድረስ እብድ መስለው ቤት ዋሉ። ይህን ስናገር ልጆች ይስቃሉ፤ እኔ የሚታየኝ ፍርሃታቸው ነው። ከዚያ በኋላ አል-አዝሀር አጠገብ፣ የሒሳብ መጻሕፍት እየገለበጡ በመሸጥ ኖሩ።

ሁለተኛው ቁጥር ነው። ከ1 ጀምራችሁ እያጠፋችሁ ደምሩ፦ 1 እና 2፣ 3 ይሆናል። 3 ፕራይም ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። በመጨረሻው ቁጥር፣ በ2 ስታባዙት 6። 4 ስትጨምሩ 7፤ በ4 ሲባዛ 28። 8 ስትጨምሩ 15 ይሆናል፤ ፕራይም ስላልሆነ እለፉት። 16 ስትጨምሩ 31፤ በ16 ሲባዛ 496። ይህን መንገድ ያሳየው ግሪካዊው ዩክሊድ ነው። ኢብኑል ሀይሠም ጥያቄውን ገለበጡት፦ ከዚህ መንገድ ውጭ የሚገኝ ተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ይኖር ይሆን? እንደማይኖር ሊያረጋግጡ ሞከሩ፤ ማረጋገጫቸው ግን ሙሉ አልሆነም። በ1040 ገደማ ካይሮ ውስጥ አረፉ፣ ረሂመሁላህ። ማረጋገጫውን የጨረሰው ከ700 ዓመት በኋላ ኦይለር ነው። ኢተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም።

አውቶቡሱን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም፤ መድረሻው ዩሲኤልኤ ነው። ኦገስት 2008 ላይ እዚያ ያሉ ኮምፒውተሮች በዚያው መንገድ አንድ ፕራይም አገኙ፦ 2 በራሱ 43,112,609 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት። 12,978,189 አሃዝ አለው። በየሰከንዱ አንድ አሃዝ ብታነቡ፣ ያለ እንቅልፍ 150 ቀን ይፈጃል። ከእሱ የሚወጣው ፍጹም ቁጥር ደግሞ ወደ 26 ሚሊዮን አሃዝ ነው።

ከ496 ቀጥሎ ያለውን በእጃችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። 32 ስትጨምሩ 63 ይመጣል፣ እሱ አይሆንም፤ አንድ እርምጃ ቀጥሉ።