ሮበርት ጎዳርድና የሮኬት ክብደት

ሮኬት ከፍ ብሎ የሚወጣው በነዳጁ ኃይል ብቻ አይደለም፤ ነዳጁን የተሸከመው አካል ቅለትም የዚያኑ ያህል ይወስነዋል። አካሉ ከሳሳ ይፈነዳል፤ ከወፈረ ከመሬት አይነሣም። አሜሪካዊው የፊዚክስ ምሁር ሮበርት ጎዳርድ ዕድሜያቸውን የፈጁት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ጎዳርድ እ.ኤ.አ. በ1882 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዉስተር ከተማ ተወለዱ። በዚያው በክላርክ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በዚያው አስተማሪ ሆኑ። በ1919 የታተመው ጽሑፋቸው ሮኬት ጨረቃ ሊደርስ እንደሚችል በማመልከቱ፣ በተከታዩ ዓመት ኒው ዮርክ ታይምስ አየር በሌለበት ጠፈር የሚገፋው ነገር አያገኝም በማለት በርእሰ አንቀጹ ተሳለቀባቸው። የተሳሳተው ጋዜጣው ነበር፤ ሮኬትን የሚያስኬደው ራሱ ወደ ኋላ የሚወረውረው ጋዝ ነውና። እርማቱ የወጣው በ1969፣ ሰዎች ወደ ጨረቃ በተነሡ ማግስት ነው።

ማርች 16 ቀን 1926 ጎዳርድ ኦበርን በሚገኘው የዘመዳቸው እርሻ ላይ በቤንዚንና በፈሳሽ ኦክሲጅን የሚሠራ ሮኬት አስወነጨፉ። ሞተሩ ከተቀጣጠለ በኋላ ሮኬቱ ወዲያው አልተነሣም፤ ከፊሉ ነዳጅ ነድዶ ክብደቱ ከግፊቱ እስኪያንስ ድረስ ባለበት ቆየ። ከዚያም 12.5 ሜትር ወጥቶ፣ በ2.5 ሰኮንድ ውስጥ 56 ሜትር ርቆ ወደቀ። በዓለም የመጀመሪያው የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት በረራ ይኸው ነበር።

በ1930 በአብራሪው ሊንድበርግ አማላጅነት ከጉገንሃይም ቤተ ሰብ ገንዘብ አግኝተው ሥራቸውን በኒው ሜክሲኮ ወደምትገኘው ሮዝዌል አዛወሩ። በዚያም በ1935 በጋይሮስኮፕ የሚመራ ሮኬት አብርረዋል። ሆኖም ዋናው ችግር ታንኩ ነበር። ነዳጁን ወደ ማቃጠያው ክፍል የሚገፋው የታመቀ ጋዝ ስለ ነበር፣ የታንኩ ግፊት ከማቃጠያው ክፍል ግፊት መብለጥ ነበረበት፤ ግፊቱን የሚችል ወፍራም ግድግዳ ደግሞ ክብደት ነው። ጎዳርድ ግድግዳውን አሳስተው ዙሪያውን የፒያኖ ሽቦ ጠመጠሙበት። በሲሊንደር ግድግዳ ላይ በዙሪያው የሚያርፈው ውጥረት በርዝመቱ ካለው እጥፍ ነውና፣ ሽቦው ያረፈው ብርታት በሚያስፈልግበት አቅጣጫ ነበር። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለመሐንዲስ ዓይን የሚያምረው፣ ምናልባት፣ ይህ ነው።

ከ1938 ጀምሮ ደግሞ ነዳጁን በፓምፕ መግፋት ጀመሩ፤ ፓምፕ ካለ ታንኩ ከፍተኛ ግፊት መሸከም የለበትም። መንገዱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን እነዚያ ሮኬቶች የቀድሞዎቹን ከፍታ አልደረሱም። ጀርመኖች በብዙ ሠራተኛና በመንግሥት ገንዘብ የሠሩት ቪ-2 ግን በ1942 በፓምፕ እየተመገበ ጠፈር አፋፍ ደረሰ። ጎዳርድ ከጋዜጣው ፌዝ በኋላ ሥራቸውን ከሌሎች ባለሙያዎች መሸሸግ አብዝተው ነበር፤ ጥቂት ረዳቶችን ይዞ ፓምፕ፣ ሞተርና መሪ በአንድ ጊዜ ማበጀት ከአቅም በላይ ነው።

በኦገስት 1945 በጉሮሮ ካንሰር ባልቲሞር ውስጥ አረፉ። በ1960 የአሜሪካ መንግሥት የፈጠራ መብቶቻቸውን ለመጠቀም አንድ ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።