ሰጪና ተቀባይ፤ የዮሐንስ ብሮንስቴድ ሕይወትና ሥራ

ዮሐንስ ኒኮላውስ ብሮንስቴድ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1879 በምዕራብ ዴንማርክ፣ ቫርዴ በምትባል ከተማ ተወለደ። እናቱ እሱ በተወለደ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዐረፈች፤ መሐንዲስ የነበረው አባቱም ልጁ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ሞተ። ወጣቱ በ1897 በኮፐንሀገን የምህንድስና ትምህርት ቢጀምርም ልቡ ወደ ኬሚስትሪ አዘነበለ። በከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ቀጥሎ በ1908 የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ፤ በዚያው ዓመትም የፊዚካል ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ።

በዚያን ዘመን ስለ አሲድና ቤዝ የሚሰጠው ትርጓሜ የስዊድናዊው የስቫንቴ አርሄኒየስ ነበር። በዚህ መሠረት አሲድ በውሃ ሲሟሟ የሃይድሮጅን አዮን፣ ቤዝ ደግሞ የሃይድሮክሳይድ አዮን የሚሰጥ ውሁድ ነው። ትርጓሜው ብዙ ያገለገለ ቢሆንም ሁለት ጥያቄዎች ይፈታተኑት ነበር። አሞንያ በውስጡ ሃይድሮክሳይድ ሳይኖረው እንዴት ቤዝ ሆነ? ውሃ ባልሆነ ፈሳሽ ውስጥስ አሲድና ቤዝ የሚገናኙት እንዴት ነው?

በ1923 ብሮንስቴድ መልሱን በአንድ አጭር ሐሳብ አቀረበ፤ አሲድ ፕሮቶን ሰጪ፣ ቤዝ ፕሮቶን ተቀባይ ነው። ፕሮቶን በፈሳሽ ውስጥ ብቻውን ሊቆም ስለማይችል ተቀባይ በሌለበት ሰጪ የለም። ፕሮቶኑን የሰጠ አሲድም መልሶ ሊቀበል የሚችል ቤዝ ይሆናል፤ የኮምጣጤ አሲድ ፕሮቶኑን ሲሰጥ የሚቀረው የአሲቴት አዮን ቤዝ ነው። ውሃ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፕሮቶን ሲቀበል ቤዝ፣ ለአሞንያ ሲሰጥ ደግሞ አሲድ ነው። እንግዲህ የአንድ ውሁድ ጠባይ የሚታወቀው ከተጓዳኙ ጋር ሲገናኝ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ማርቲን ላውሪም በዚያው ዓመት ለብቻው ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ደርሶ ስለ ነበር ትምህርቱ በሁለቱ ስም ይጠራል።

ብሮንስቴድ በትርጓሜው ብቻ አላበቃም። በ1924 ከካይ ፔደርሰን ጋር ሆኖ፣ ናይትራማይድ የተባለው ውሁድ ወደ ናይትረስ ኦክሳይድና ወደ ውሃ የሚፈርስበትን ፍጥነት መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። ፍርሰቱን የሚያፋጥነው ሃይድሮክሳይድ ብቻ ሳይሆን እንደ አሲቴት ያሉ ሌሎች ቤዞችም እንደሆኑ ተረጋገጠ፤ ቤዙ በበረታ መጠንም ፍጥነቱ ይጨምር ነበር። በአሮጌው ትርጓሜ ከቤዝ የማይቆጠሩት አዮኖች የቤዝን ሥራ ሲሠሩ በቁጥር ታዩ።

ጀርመን ዴንማርክን ከ1940 እስከ 1945 በያዘችበት ጊዜ ብሮንስቴድ የናዚዎች ጽኑ ተቃዋሚ ነበር። በ1947 ለአገሩ ምክር ቤት ቢመረጥም ሕመም ስለ ጸናበት መቀመጫውን ሳይዝ ዲሴምበር 17 ቀን ዐረፈ።

አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ በዚያው በ1923 ያቀረበው የኤሌክትሮን ጥንድ ትርጓሜ ፕሮቶን የሌላቸውን አሲዶች ጭምር ስለሚያቅፍ፣ የብሮንስቴድ ሐሳብ የመጨረሻው ቃል አይደለም። ሆኖም በደም ውስጥ ካርቦኒክ አሲድ እየሰጠ፣ ባይካርቦኔት እየተቀበለ የሰውን ሕይወት የሚጠብቀው ሚዛን ዛሬም የሚተረጐመው በዚሁ በሰጪና በተቀባይ ትምህርት ነው።